ረቂቅ ሥዕል፦ ስለ ሠዓሊው ዓላማና ስለ ተመልካቹ ትርጉም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ጎንደር ውስጥ ረቂቅ ሥዕል (አብስትራክት) በታየ ቁጥር የሚነሡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የሥዕል ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ መምህራን፣ አንዳንዴም በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ቅሬታ ያዘሉ ናቸው። ቅሬታውን ማለዘብ መልሱንም ያለዝበዋልና እንደ ተነገሩ አስቀምጠናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ረቂቅ ሥዕል የሚባለው የትኛው ነው?

ሰው፣ እንስሳ፣ ዛፍ ወይም ቤት ብለን ልንጠራው የምንችለውን ነገር መምሰልን ዋና ሥራው ያላደረገ፣ በቀለም፣ በመስመር፣ በቅርጽና በቅቡ ውፍረት የሚናገር ሥዕል ነው። አንዳንዱ ከሚታይ ነገር ተነሥቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሆላንዳዊው ፒየት ሞንድሪያን ከ1908 እስከ 1913 ባሉት ዓመታት ዛፍን ደጋግሞ ሲሥል ቅርንጫፎቹ ቀስ በቀስ ወደ አጫጭር መስመሮች ተለውጠው፣ በመጨረሻ ዛፍ መሆናቸውን የሚያውቀው የቀደሙትን ሥዕሎች ያየ ሰው ብቻ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ከመነሻውም ከሚታይ ነገር አይነሣም።

ሠዓሊው ምን ማለቱ ነው?

ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ ረቂቅ ሥዕል የሠሩ ሰዎች ዓላማቸው አንድ አልነበረምና። ሩሲያዊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ (1866–1944) ቀለምና ቅርጽ ያለ ምንም ምስል የሰውን ነፍስ በቀጥታ ሊነኩ እንደሚችሉ ያምን ነበር፤ በ1911 ባሳተመው ድርሰቱም ሠዓሊው አንድን ቀለም የሚመርጠው ውስጡ ግድ ስለሚለው እንጂ የውጭውን ዓለም ለመቅዳት እንዳልሆነ ተከራክሯል። ሞንድሪያን በበኩሉ የግል ስሜቱን ከሸራው አስወጥቶ፣ በቀጥተኛ መስመሮችና በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለማት ለማንም ሰው እኩል የሆነ ሚዛን ሲፈልግ ኖረ። አሜሪካዊው ማርክ ሮትኮ ደግሞ ረቂቅ ሠዓሊ መባሉን ራሱን አልወደደውም፤ ዓላማው ሐዘንን፣ ሐሴትንና ጥፋትን የመሳሰሉ መሠረታዊ የሰው ስሜቶችን መግለጽ እንደሆነ፣ በሥዕሎቹ ፊት የሚያለቅሱ ሰዎችም እሱ ሲሥል የተሰማውን ሃይማኖታዊ ስሜት እንደሚጋሩ ይናገር ነበር።

ለጎንደር ተመልካች ይበልጥ የሚቀርበው ምናልባት የሠዓሊው የካዚሚር ማሌቪች ጉዳይ ነው። ማሌቪች በ1915 በፔትሮግራድ (በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በተከፈተ ዐውደ ርእይ ላይ በነጭ ዳራ ላይ የተቀባውን ጥቁር ካሬ የሰቀለው እንደ ሌሎቹ ሥዕሎች በግድግዳው ገጽ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነበር፤ ይህም የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን በቤታቸው ቅዱሳት ሥዕላትን የሚያኖሩበት ቦታ ነው። ካሬውን ብቻ የሚያይ ሰው ጥቁር ቀለም አይቶ ያልፋል፤ የተሰቀለበትን ቦታ ትርጉም የሚያውቅ ሰው ግን ሠዓሊው ያንን ማዕዘን ምስል ለሌለው ቅርጽ ለምን እንደ ሰጠ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ሰዎች አሉ። ቁጣቸውም ቢሆን ሥዕሉን ማየት ከጀመሩ በኋላ የመጣ ነውና አንንቀውም።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዳቸውም አስቀድመው አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው በቀለም የሸፈኑ አይደሉም። የብዙዎቹ ሐሳብ የጠራው ሸራው ፊት ቆመው ቀለም ሲጨምሩና ሲፍቁ ነው፤ ስለዚህ «ምን ማለቱ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ሠዓሊዎች ሁልጊዜ ምሥጢር እየደበቁ ነው ብሎ መጠርጠር አይገባም።

እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ ከማንኛውም ጥያቄ ቀድሞ የሚመጣ ነው። ረቂቅ ሥዕልን ለማስተዋወቅ የሚፈልጉ ሰዎችም ራሳቸው «ሰሙ ቀለሙ፣ ወርቁ ትርጉሙ» እያሉ ያስረዳሉ። አነጋገሩ ጆሮ ይስባል፤ በእኛ አስተያየት ግን ተመልካቹን ያሳስታል።

በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ወርቁ ባለቅኔው አስቦ ያስቀመጠው ስለሆነ ያልደረሰበት ሰው አልደረሰበትም፤ ሲገለጥለት ደግሞ «ለካ!» ብሎ ይስማማል። በረቂቅ ሥዕል ፊት ግን ይህ ዓይነት መቆለፊያና ቁልፍ የለም። ተመልካቹ ወርቅ ፍለጋ ቀለሙን እንደ ገለባ እያበራየ የሚጥለው ከሆነ የሚቀረው ባዶ ሸራ ነው፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ የሚታየው ነገርና የሚፈለገው ነገር አይለያዩም።

ከቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ከቅኔ ይልቅ የሚረዳው ሌላው ጉባኤ ይመስለናል፤ እሱም ጎንደር በዓታ የታወቀችበት አቋቋም ነው። ማኅሌት ላይ የቆመ፣ ግዕዙን ግን በሚገባ የማይሰማ ምእመን ምንም አልደረሰውም ማለት አይቻልም። ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሄድ የመቋሚያው ውዝዋዜ፣ የጸናጽሉ ድምፅና የከበሮው ፍጥነት የሚያመጡትን ለውጥ በሰውነቱ ያውቀዋል። የሚያውቀው ሥርዓቱን ነው፤ ሥርዓቱም ራሱ ትርጉም ይሸከማል። ካንዲንስኪም ሥዕሎቹን «ኮምፖዚሽን» እና «ኢምፕሮቪዜሽን» እያለ በሙዚቃ ስሞች መጥራቱ ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው። እርግጥ ማኅሌቱ ቃል አለው፣ ቃሉም ምሥጢር አለው፤ ረቂቅ ሥዕል ቃል ስለሌለው ንጽጽሩን ከዚህ አርቆ መውሰድ አይገባም።

ታዲያ የሚበልጠው የሠዓሊው ዓላማ ነው ወይስ የተመልካቹ ስሜት?

በዚህ ጉዳይ ረዥም ክርክር ተደርጓል። ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1946 ባወጡት ጽሑፍ የደራሲው ዓላማ ለአንድ ሥራ መመዘኛ ሊሆን እንደማይችል ተከራክረዋል፤ ዓላማው በሥራው ውስጥ ተሳክቶ ከሆነ ከሥራው ይገኛል፣ ካልተሳካ ደግሞ ከሥራው ውጭ ሄዶ መጠየቅ ሥራውን አያሻሽለውም የሚል ነው ሐሳባቸው። ክርክራቸው የተነሣው ስለ ግጥም ቢሆንም ለሥዕልም ሲያገለግል ቆይቷል።

እኛ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ አብረናቸው እንሄዳለን። ዓላማ ሸራው ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳል፦ ቀዩ ለምን በሦስት ድርብ እንደ ተቀባ፣ ዳሩ ለምን ሳይቀባ እንደ ቀረ፣ መጠኑ ለምን ከሰው ቁመት እንደ በለጠ። ሮትኮ ተመልካቹ ተጠግቶ እንዲቆም ይፈልግ እንደነበር ያወቀ ሰው ከአዳራሹ ጥግ ሆኖ ሥዕሉን ቢያይ የሠዓሊውን ጥያቄ ሳይመልስ ነው የሚሄደው። እስከዚህ ድረስ ዓላማን ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በኋላ ግን ትርጉሙ ሸራው ላይ ካለው ነገር መውጣት አለበት፤ ሠዓሊው በአንደበቱ «ይህ ሥዕል ስለ ስደት ነው» ቢል፣ ሸራው ደግሞ ስለ ስደት የሚያሳየን ነገር ከሌለ፣ የሰማነው ንግግር እንጂ ያየነው ሥዕል አይደለም።

ሠዓሊው ራሱ ለሥራው እንግዳ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ካንዲንስኪ በ1913 በጻፈው ትዝታው እንደሚተርከው፣ አንድ ምሽት ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሲገባ ምን እንደሆነ ያልለየው፣ በውስጣዊ ብርሃን የሚያበራ እጅግ ውብ ሥዕል አየ፤ ቀርቦ ሲመለከተው የራሱ ሥራ በጎኑ ተደግፎ ኖሯል። በማግሥቱ አስተካክሎ ሲያቆመው ያ ውበት አልተመለሰለትም፤ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት የሚታወቁ ነገሮች እንደሚያውኩት የተረዳውም ያን ጊዜ እንደሆነ ጽፏል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የቅርብ ጊዜ ጉዳይም አለ። ሞንድሪያን በ1941 በሸራ ላይ ባለ ቀለም ተለጣፊ ጥብጣቦችን በማጣበቅ የሠራው አንድ ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ተገልብጦ ሲሰቀል መኖሩን በጀርመን ዱሰልዶርፍ የሚገኝ ሙዚየም ባለሙያ በ2022 አስታውቃለች። የማስረጃዋ አንዱ ክፍል ሥራው ገና በሠዓሊው ክፍል ውስጥ ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ሙዚየሙ ግን ጥብጣቦቹ እንዳይወድቁ በመስጋት አልገለበጠውም። ብዙ ሰዎች ይህን ዜና ሲሰሙ «እንግዲህ ላይና ታቹ የማይታወቅ ነገር ምን ትርጉም አለው!» ብለው ይስቃሉ። ነገሩ ግን ሌላም ያሳያል፦ መስመሮቹ የሚጠጋጉበት ጫፍ ወደ ላይ ሲሆን አንድ ዓይነት ክብደት፣ ወደ ታች ሲሆን ሌላ ክብደት ይሰማል። ባለሙያዋ እንድትጠራጠር ካደረጓት ነገሮች አንዱም ይኸው የመስመሮቹ መጠጋጋት ነበር። የሠዓሊው ውሳኔ ሸራው ላይ ስለነበረ ከሞተ በኋላም ሊገኝ ቻለ።

እንግዲያው ያሻኝን ትርጉም ብሰጠው ትክክል ነው?

አይደለም። በጥምቀት ሰሞን ከፋሲል መዋኛ የተመለሰ አንድ ተመልካች በሰማያዊ ሥዕል ፊት ቆሞ «ይህ ጥምቀት ነው» ቢል፣ የተናገረው ስለ ራሱ ትዝታ ነው፤ ትዝታውም የሚከበር ነው። ያ ትዝታ የሥዕሉ ትርጉም የሚሆነው ግን ተመልካቹ እጁን ዘርግቶ ሲያሳይ ነው፦ ሰማያዊው ከየት ጀምሮ ወዴት ይፈስሳል፣ ነጩ ለምን ከላይ ተረጨ፣ በስተቀኝ ያለው ጥቁር በዚህ ንባብ ውስጥ ምን ቦታ አለው? ጥቁሩን ዘልሎ ሰማያዊውን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ሥዕል ነው ያነበበው። አንድ ንባብ ከሌላው የሚሻለው ብዙውን የሸራ ክፍል ሳይተው ሲይዝ፣ ሥዕሉም ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ ሲሆን ነው። ለሰማያዊ ሥዕል ሁሉ እኩል የሚሠራ ትርጉም ለየትኛውም ሰማያዊ ሥዕል አልተሰጠም።

በዚህ ሚዛን ሁለት የተለያዩ ንባቦች እኩል ሊቆሙ ይችላሉ፤ ይህም ሊያስደነግጠን አይገባም። መቶ የተለያዩ ንባቦች እኩል ይቆማሉ ማለት ግን አይደለም።

«ይህንንማ ልጄም ይሥለዋል» ብንልስ?

ብዙዎች ይላሉ። በ2011 ቦስተን ኮሌጅ ተመራማሪዎች ይህንኑ አባባል ፈትነውት ነበር፦ የታወቁ ረቂቅ ሠዓሊዎችን ሥራዎች ከሕፃናት፣ ከዝንጀሮዎች፣ ከቺምፓንዚዎችና ከዝሆኖች ሥዕሎች ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገው ለሥዕል ተማሪዎችም፣ የሥዕል ትምህርት ለሌላቸው የሥነ ልቡና ተማሪዎችም አሳዩ። በአንዳንዶቹ ጥንዶች ላይ የሠሪዎቹ መጠሪያ ሆን ተብሎ ተቀያይሮ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም ወገኖች የሠዓሊዎቹን ሥራ የመረጡት በዕድል ከሚጠበቀው በላይ ነው። ሁልጊዜ አልለዩም፤ ይሳሳቱ ነበር። ነገር ግን ዓይናቸው የታሰበበትን ነገር ካልታሰበበት በመጠኑ መለየቱ፣ ሐሳብ ያለ ምስልም ሸራ ላይ ሊታይ እንደሚችል ያመለክታል።

ልጆች ውብ ቀለም አይቀቡም ማለታችን አይደለም። ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ አይወስንም፤ ወረቀቱን ሰው ካልወሰደበት ይቀጥላል።

ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ ነገር አይደለም?

ስሙና የዘመናዊው እንቅስቃሴ ታሪክ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ምስል የሌለው ቅርጽ ትርጉም ይሸከማል የሚለው ሐሳብ ግን ለእኛ አገር ዓይን አዲስ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የሚዘረጋው ሐረግ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድ መስመርና ቀለም እንጂ የማንም ሥዕል አይደለም፤ አንባቢው ግን ሐረግ ሲያይ የተከበረ ንባብ ሊጀመር እንደሆነ ያውቃል። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚታተመው ድጉስ፣ የሀገር ልብሱ ጥለት፣ የመሶቡ ስፌት ሁሉ በቅርጽ ድግግሞሽና በቀለም ምርጫ የሚኖሩ ሥራዎች ናቸው። ጥለት የምትመርጥ ሴት «ይህ ምን ይመስላል?» ብላ አትጠይቅም፤ የትኛው ለልቅሶ፣ የትኛው ለሠርግ እንደሚሆን ግን ማንም ሳይነግራት ትለያለች።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ጠልሰም ነው። በክታብ ብራና ላይ የሚሣሉት ዓይኖች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦችና የተጠላለፉ መስመሮች አንድን ነገር ለማስመሰል የተሠሩ አይደሉም፤ ዓላማቸው በሽተኛውን መጠበቅ፣ ክፉ መንፈስን ማባረር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅበት ልማድም ነበረ። በክታቡ እናምን አናምን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን የሠዓሊው ዓላማ በመምሰል ሳይሆን በመሥራት የሚለካበት ጥንታዊ ምሳሌ መሆኑ ነው።

እስክንድር ቦጎስያን (1937–2003) ከዚህ ምንጭ ቀድቷል። አዲስ አበባ ተወልዶ በለንደንና በፓሪስ ከተማረ በኋላ በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከ1972 ጀምሮም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የጠልሰሙ ዓይኖችና የብራናው መልክ በሥራዎቹ ውስጥ ከአውሮፓና ከአፍሪካ ከተማራቸው ነገሮች ጋር ተዋሕደው ይታያሉ። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981)፣ አባቱ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ የነበሩ፣ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ሥራዎቹ ኢትዮጵያዊ አይደሉም የሚል ወቀሳ ገጥሞታል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጥቶታል፤ ወቀሳው ግን ዛሬም በየዐውደ ርእዩ ይደገማል። የብራና ሠዓሊ ልጅ የነበረ ሰው ሐረግ ሲያይ አድጎ ቅርጽን ያለ ምስል ማሰብን ከጀርመን ብቻ ተማረ ማለት ለእኛ አይዋጥልንም።

በ1950 የተወለደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የፊደላችንን ቅርጾች ያጣምማል፣ ይሰባብራል፣ ይደራርባል። አማርኛ ማንበብ የሚችል ተመልካች በእነዚህ ሸራዎች ፊት ልዩ ችግር ይገጥመዋል፦ «ለ» ወይም «ሐ» የሚመስል ነገር ሲያይ ዓይኑ ወዲያው ወደ ንባብ ይሮጣል፣ ቃል ሲያጣም ይበሳጫል። አማርኛ የማያውቅ እንግዳ ይህ ፈተና የለበትም፤ በአንጻሩ ፊደሉ ሲሰበር የሚሰማውን ነገር እሱ አያውቀውም። ሠዓሊው የሚጠይቀን ለጥቂት ጊዜ ማንበብ ትተን የፊደሉን እግርና አንገት እንድናይ ይመስለናል።

የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ረቂቅ ሥዕልን ለማየት ይረዳሉ?

በጥንቃቄ ከሆነ አዎ። ጥንቃቄው ቅዱሳት ሥዕላት ለጸሎትና ለትምህርት የተሠሩ መሆናቸውን አለመርሳት ነው፤ የሠዓሊው ዓላማም የምእመኑም አቀባበል በሥርዓት የተወሰነ ነው። ለዚህ ነው ጻድቃን በሁለት ዓይኖቻቸው ፊት ለፊት ሲታዩ አጋንንትና ከሓድያን በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት። ተመልካቹ ይህን ልማድ ስለሚያውቅ ጽሑፉን ሳያነብ እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ረቂቅ ሠዓሊ ይህ ዓይነት አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት የለውም፤ ስምምነቱን በየሸራው እንደ አዲስ መገንባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የማይሳካለትም ለዚህ ነው።

ከዚህ ውጭ ግን ዓይን የሚሠለጥንበት ብዙ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው በጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች መካከል የተደረደሩትን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ያያል። አንዱን ፊት ለብቻው ብናየው መልአክ ነው፤ ሁሉንም በአንድነት ስናይ ግን ድግግሞሹ ራሱ አንድ ፊት ብቻውን ሊናገረው የማይችለውን ይናገራል፤ የትም ቢቆሙ መታየትን፣ ማለቂያ የሌለውን ብዛት። ረቂቅ ሠዓሊ አንድን ቅርጽ ሃምሳ ጊዜ ሲደጋግም የሚሞክረው ይህንኑ ኃይል ለማግኘት ነው።

የጎንደር ሥዕል ሁለቱ ስልቶችም እንዲሁ ያስተምራሉ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የተስፋፋው የመጀመሪያው ስልት ጥላ ሳያበዛ በደማቅና በጠፍጣፋ ቀለም ይሠራል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ስልት ግን ፊትንና ልብስን በጥላና በብርሃን ያነሣል፣ ጨርቁንም በጥልፍ አበባ ይሞላል፤ ዳራውም ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ታሪኩ ያው ስቅለት፣ ያው ምስለ ፍቁር ወልዳ ሆኖ ሳለ ስሜቱ የሚለያየው በቀለሙ አያያዝ ነው። ይህን ልዩነት የለየ ሰው ረቂቅ ሥዕልን ለማየት የሚያስፈልገውን ግማሹን ሥራ ሠርቷል ለማለት እንደፍራለን።

የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደግሞ ትርጉም ከቦታ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት (1667–1682) ከተሠራው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ በ1932 በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የጨርቅ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ጓዱ ውስጥ የነበረ ሠዓሊ የሣላቸውን ቅጂዎች አኖረ፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በጎንደር ዕጣን የሚታጠንላቸው፣ የሚሰገድላቸው የነበሩ ሥዕሎች በፓሪስ በመስተዋት ብርሃን የሚጠኑ ዕቃዎች ሆነዋል። ቀለሙም መስመሩም ያው ነው፤ ከሥዕሉ የሚጠበቀው ነገር ግን ተለውጧል። ድርጊቱን በተመለከተ ያለን ስሜት ግልጽ ነው፣ እዚህ ግን አንዘረዝረውም።

ርዕሱ «ያለ ርዕስ» ወይም ቁጥር ብቻ ከሆነ ምን ላድርግ?

ሠዓሊው አቅጣጫ ሊሰጥዎ አልፈለገም ማለት ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥዕሎቹን በቁጥር መሰየም የጀመረው ተመልካቹ የርዕሱን ነገር ሸራው ላይ እንዳይፈልግ ነው። በአንጻሩ ገብረ ክርስቶስ አንዱን ሥራውን «ጎልጎታ» ሲል ሰይሞ ተመልካቹን ወደ ስቅለት ይመራዋል። ርዕስ ሲኖር መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ከዚያ ርዕሱን፣ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን ማየት እንመክራለን።

ጥበብ መሆኑን የሚወስነው ማን ነው?

ጥያቄው ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ ነበር። የሮማኒያ ተወላጅ የሆነው ቀራፂ ኮንስታንቲን ብራንኩሲ የሠራው «ወፍ በጠፈር» የተባለ ረዥም፣ ለስላሳ የነሐስ ሥራ በ1926 ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ ጉምሩክ የጥበብ ሥራ ከቀረጥ ነፃ መሆኑን ትቶ እንደ ማንኛውም የብረታ ብረት ዕቃ 40 በመቶ ቀረጥ ጣለበት። ክርክሩ ላይ ሥራው ወፍ ይመስላል ወይ ተብለው ምስክሮች ተጠየቁ፤ ሥራውን የገዛው ኤድዋርድ ስታይከን ወፍ እንደማይመስል፣ እሱ ግን ወፍ ሆኖ እንደሚሰማው መለሰ። ፍርድ ቤቱ በ1928 ለቀራፂው ፈረደ። የስታይከን መልስ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ጉዳዩን ያስረዳል፦ ክንፍ የለም፣ ላባ የለም፤ ወደ ላይ የመነሣት ፍጥነት ግን በነሐሱ ቅጥነትና በጫፉ ዘመም ማለት ውስጥ አለ፣ ማንም ሊያየው ይችላል።

ሥዕሉ ፊት ስቆም ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ስልክዎን ኪስዎ ያስገቡ። ረቂቅ ሥዕል በስልክ መስኮት ሲታይ መጠኑንና የቅቡን ውፍረት ያጣል፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ሸራ በመዳፍ ልክ ሲሆን የሚቀረው ስለ ሥዕሉ የተሰጠ መረጃ ነው። ከዚያ ራቅ ብለው ዓይንዎ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደ ተጎተተ ይከታተሉ። ቀጥሎ ተጠግተው የትኛው ቀለም ከሥር፣ የትኛው ከላይ እንደሆነ ይፈልጉ፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ማግኘት የሠዓሊውን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ማግኘት ነው። የሸራውን ዳርም አይርሱ፤ ብዙ ሠዓሊዎች ምን እንደ ሸፈኑ የሚታየው እዚያ ነው። አንዱን ክፍል በእጅዎ ከልለው ሥዕሉ ምን እንዳጣ መመልከትም ይጠቅማል፦ ምንም ካላጣ ያ ክፍል ምናልባት ትርፍ ነው።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ስለ ሠዓሊው የተጻፈውን ያንብቡ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው አስቀድመው ካነበቡ፣ የተነገረዎትን ብቻ ሸራው ላይ ሲፈልጉ ጊዜዎ ያልቃል።

ሠዓሊውን ባገኘው ምን ልጠይቀው?

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለውን ይተዉት፤ ብዙውን ጊዜ የተለመደ መልስ ያስከትላል። ይልቅ መቼ እንዳለቀ በምን እንዳወቀ፣ የትኛውን ክፍል ደጋግሞ እንደ ፋቀ፣ ሌላ ምን መጠን አስቦ እንደነበር ይጠይቁት። በሥራቸው ያሰቡ ሠዓሊዎች በእነዚህ ጥያቄዎች አንደበታቸው ይፈታል።

ረዥም ጊዜ አይቼውም ምንም ካልተሰማኝስ?

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ሥዕሉ ለእርስዎ አለመሆኑ ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሥዕል የመውደድ ግዴታ የለበትም። ሌላው ሥዕሉ ደካማ መሆኑ ነው፤ ይህን በግልጽ ለመናገር የሚያፍሩ ሰዎች መብዛታቸው ረቂቅ ሥዕልን ጎድቶታል ብለን እናምናለን። ደካማ ረቂቅ ሥዕል ብዙ አለ፦ የሌላውን ሠዓሊ አያያዝ ያለ ምክንያት የሚደግም፣ የትኛውም ክፍሉ ቢነሣ የማይጎድልበት፣ የቅብ ጠብታውን እንደ ድፍረት የሚቆጥር። እንዲህ ያለውን ሥዕል «አልገባኝም» ብሎ ራስን ከመውቀስ የጎደለውን በጣት ማሳየት ይሻላል፤ ሠዓሊውንም ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ፍርድዎን ከታወቀ ሥራ ጋር ለማስተያየት ከፈለጉ፣ አዲስ አበባ ሲሄዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይጎብኙ። ከጀርመን የተመለሱ ሥራዎቹ እዚያ አሉ፤ ምስል ያለባቸውንና የሌለባቸውን ጎን ለጎን ማየት ስለሚቻል፣ አንድ እጅ ሁለቱን እንዴት እንደሠራ ለመከታተል ይመቻል።